ይቅርታዬን ይመልሱልኝ

ያላጠፋችሁትን ጥፋት ሰው ፊት ቆማችሁ፣ በገዛ አፋችሁ «አጥፍቻለሁ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብያለሁ። ፒያሳ ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ሠላሳ አንድ ሰው በተቀመጠበት ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ቆሜ። ሠላሳ አንድ መሆናቸውን የማውቀው ስለቆጠርኳቸው ነው። ሰው ሲያፍር ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል፤ እኔ ሲጨንቀኝ እቆጥራለሁ።

ነገሩ ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስትወርዱ ካሉት አሮጌ ፎቆች በአንዱ ሥር፣ የጋሽ ሸምሱ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ጋሽ ሸምሱ የወሎ ሰው ናቸው። ሲያወሩ ድምፃቸው ከማሽኑ ይበልጣል፤ ቀኑን ሙሉ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቆሎ ከኪሳቸው እያወጡ ይቆረጥማሉ። እኔ ደግሞ ብዙ አላወራም። ደንበኛ «ስንት ኮፒ?» ከምትለው ጥያቄዬ ሌላ ድምፄን ሰምቶት አያውቅም ብል ማጋነን አይሆንም።

ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያበቃው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከተበላሸ ኮፒ ነው። ወረቀት ማሽኑ ውስጥ ሲጨማደድ ወይም ቀለሙ ሲደበዝዝ ይጣላል። የሰው ስምና ጉዳይ ያለበትን ቀዳድጄ እጥላለሁ። ከመጽሐፍ፣ ከመጽሔት ወይም ከመመረቂያ ጽሑፍ የተበላሸውን ግን አጣጥፌ ወደ ቤት እወስደዋለሁ። ማታ ማታ አንድ ገጽ፣ አንዳንዴም ግማሽ ገጽ ሆኖ፣ ከመዝገበ ቃላት ጋር አነበዋለሁ። መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ንባብ ነው። የሺህ መጽሐፍ አንድ አንድ ገጽ አንብቤያለሁ፤ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ግን ያኔ አላነበብኩም ነበር።

ቀለሞቹን መሰብሰብ የጀመርኩት በአንድ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ምክንያት ነው። ገጹ ላይ «ሬድ ቴፕ» የሚል አለ። መዝገበ ቃላቴ ትንሽ ስለሆነች «ቀይ ጥብጣብ» ከማለት አላለፈችም። ጽሑፉ የሚያወራው ግን አንድ የፈቃድ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ስለከረመበት ጉዳይ ነው። ጥብጣቡ ምን አገባው? ሦስት ሳምንት ሙሉ አእምሮዬ ውስጥ ተመላለሰ። በኋላ ከሌላ መጽሔት በተበላሸ ገጽ ላይ ያው ቃል ስለ ሌላ አገር መሥሪያ ቤት ሲነገር አገኘሁትና ገባኝ። ሰውን የሚያመላልሰውን የቢሮ ሥርዓት ነው እንግሊዞቹ እንደዚያ የሚሉት።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ቀለም ብቻ ይፈልግ ጀመር። ደማቸው ሰማያዊ ነው ሲሏቸው መሳፍንት ናቸው ማለት ነው። ቢጫ ያሉት ሰው ፈሪ ነው። አረንጓዴ የሚሉት ገና ጥሬ የሆነውን፣ ሥራ ያልለመደውን ነው። ይሄ የእነሱ ብቻ ጉድ አይደለም። እኛም «ጥቁር እንግዳ» ስንል ከዚህ በፊት አይተነው የማናውቀውን ሰው ማለታችን እንጂ ቆዳውን አላየነውም። ልዩነቱ የእኛን ከእናታችን ጋር ስንውል ሰማነው፤ የእነሱን ግን ሰው ካልነገረን ወይም ካላነበብን የምናውቅበት መንገድ የለም።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረኝ። አንድን አባባል በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ላይ ካላየሁት አላምነውም። አንድ ጊዜ ብቻ ያየሁት ከሆነ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደርግና የት እንዳየሁት እጽፋለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ባለ ጠንካራ ሽፋኑን ደብተር ሞላሁት። ለየቀለሙ የራሱ ገጾች ነበሩት። ቀይ ሃያ ሦስት፣ ሰማያዊ አሥራ ዘጠኝ፣ ነጭ አሥራ አራት ነበር። ቡኒ አንድ ብቻ። እሱም ከነጥያቄ ምልክቱ።

ከእኛ በላይ፣ ፎቁ ላይ፣ የእንግሊዝኛ ንግግር ትምህርት ቤት አለ። በአሥራ ሰባት የእንጨት ደረጃ ነው የሚወጣው። ባለቤቱም አስተማሪውም ቲቸር መስፍን ነበር። ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አንቱታዬን አንስቻለሁ፣ ምክንያቱን ታገኙታላችሁ። ሁልጊዜ ሙሉ ልብስ ይለብሳል። ሲናገር ከሦስት ቃል አንዱ እንግሊዝኛ ነው። የሳምንቱ ሥራችን ግማሽ የእሱ ነበር፤ ሰኞ ሰኞ የተማሪዎቹን ወረቀት ያመጣል፣ አርባ አርባ ኮፒ እናነሳለታለን።

አንድ ሰኞ ያመጣው ወረቀት ርዕሱ የቀለማት አባባሎች ነበር። በእጁ የጻፈው ነው። ልቤ ደስ አለው። የሚያውቁትን ሰው በማያውቁት ሰፈር እንደማግኘት ነው። ማንበብ ጀመርኩ። አሥራ ሁለት አባባሎች ነበሩ፤ ሦስቱ ስህተት ናቸው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። ሰውየው የማያውቀውን በአማርኛ ገምቶታል። «ዋይት ላይ» የሚለውን «ነጭ ውሸት» ብሎ ጽፎታል። ቃል በቃል ያው ነው፤ ግን በእኛ ነጭ ውሸት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፣ በእነሱ ደግሞ ሰው እንዳይከፋው የሚዋሽ፣ ጉዳት የሌለው ትንሽ ውሸት ነው። «ዋይት ኤሌፋንት»ን «እጅግ የተከበረ ትልቅ ሰው» ብሎታል። ነጭ ጥሩ ነው፣ ዝሆን ትልቅ ነው፣ ደመረው። እነሱ ግን ወጪው የበዛ፣ ጥቅም የማይሰጥ ንብረት ማለታቸው ነው። «ግሪን»ን ደግሞ ልምላሜ አስቦ «ሀብታም» ብሎታል።

እኛ ቤት አንድ ልማድ ነበር። ማመልከቻ ይዞ የሚመጣ ሰው የቀን ስህተት ወይም የተዘለለ ቃል ካለበት፣ ሳይጠይቀን እናርምለታለን። ያስለመዱኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። «የሰው ጉዳይ በአንድ ፊደል አይሰናከል» ይሉኝ ነበር። ሰውም ያመሰግናል። እኔም ያን ቀን ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ፍሉድ የምንለውን ነጭ ማጥፊያ ወስጄ ሦስቱን ትርጉሞች አጠፋሁ፣ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ የእጅ ጽሑፉን መጠን መስዬ ትክክለኛውን ጻፍኩ። አርባ ኮፒ አንስቼ አስረከብኩ።

ሳልጠይቅ ማረሜ ልክ አልነበረም። ይህን ያኔም አውቃለሁ፣ ዛሬም አልክድም። ማመልከቻና የመምህር ወረቀት አንድ አይደሉም። ይህን ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ከዚህ ጋር እንዳይምታታባችሁ።

ረቡዕ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል፣ ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ቲቸር መስፍን አንዷን ወረቀት በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ገባ።

«ይቺን ማን ነው የጻፋት?»

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

«አንተ?»

«ሦስቱ ትርጉም ልክ ስላልነበረ ነው።»

ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞረ። «ጋሽ ሸምሱ፣ ማሽንዎ ማስተማር ጀመረ እንዴ?»

ጋሽ ሸምሱ ቆሎአቸውን ዋጡ። «ምን አጠፋ ልጁ?»

«ምን አጠፋ? ተማሪዬ ፊት አዋረደኝ! እኔ ሰሌዳ ላይ አንድ ነገር እጽፋለሁ፣ ያቺ የወርቅ ቤቷ ሴትዮ ተነሥታ ‹ቲቸር፣ እርስዎ የሚሉት ሌላ፣ ወረቀትዎ የሚለው ሌላ፣ የቱን እንያዝ?› ትለኛለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።» ወደ እኔ ተመለሰ። «ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«አሥረኛን ጨርሻለሁ።»

«ጨርሻለሁ ነው ወይስ ወድቄያለሁ?»

ከመሳቢያው ደብተሬን አወጣሁና ነጭ የሚለውን ገጽ ገልጬ አቀበልኩት። ማስረጃ ያለው ሰው ይደመጣል ብዬ የማምን ልጅ ነበርኩ።

መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ገለጠ። ከዚያ ቀስ አለ። ሰማያዊው ጋ ሲደርስ ጭራሽ ቆመ። ከንፈሩ እያነበበ መሆኑን አየሁት። ወደ ነጩ ተመልሶ አንድ ጊዜ አየ። ዛሬ ሳስበው እዚያው ላይ ነበር ያወቀው። ልክ መሆኔን አውቆ ነው የቀጠለውን የተናገረው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ባያውቅ ኖሮ እስካሁን ይወጣልኝ ነበር።

ደብተሬን ዘጋና ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው። «ይሄን አየዋለሁ። አሁን ወደ ላይ ትወጣና ተማሪዎቹ ፊት ‹ትክክለኛውን አጥፍቼ ስህተት ጽፌበታለሁ፣ ይቅርታ› ትላለህ። ካልሆነ ጋሽ ሸምሱ፣ ከነገ ጀምሮ ሥራዬን አራት ኪሎ እወስዳለሁ።»

«ሳልጠይቅዎ ማረሜን ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩ። «አሁኑኑ፣ ሁሉም ፊት። ስህተት ጽፌያለሁ ለማለት ግን አልችልም። ልክ ነው የጻፍኩት።»

ጋሽ ሸምሱ ክንዴን ይዘው ከማሽኑ ኋላ ወሰዱኝ።

«ዮኒ፣ ለሰላም ሲባል።»

«ጋሽ ሸምሱ፣ ልክ እኮ ነኝ።»

«አንተ ልክ አይደለህም አልኩህ? ለሰላም ሲባል ነው ያልኩህ። ሁለት ቃል ናት።»

«ሁለት አይደለችም። አምስት ናት።»

«አምስት ትሁን! ወላሂ ነገ ማንም አያስታውሳትም። እኔም ቤት ኪራይ አለብኝ፣ አንተም እናት አለችህ።»

እናቴን ባያነሱ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። አነሷት። ወጣሁ። አሥራ ሰባቱን ደረጃ እየቆጠርኩ ወጣሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ የሰማያዊ ባሕርና የነጭ ጀልባ ሥዕል ተለጥፏል። ቲቸር መስፍን ትከሻዬን ይዞ ወደ ሰሌዳው አስጠጋኝ፣ እንደ ትምህርት መርጃ መሣሪያ።

«ይሄ ወንድማችሁ የሚነግራችሁ ነገር አለው።»

ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ። ከዚያ አልኩት። «ትክክለኛውን አጥፍቼ ስህተት ጽፌበታለሁ። ይቅርታ።» ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለ ቲቸር መስፍን።

ደገምኩት።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ወይ ጊዜ! ኮፒው ኦሪጅናሉን አረመው!» ሲል ሳቁ ፈነዳ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የአራዳ ልጅ ሆኖ እንዲህ ያለች ዕድል ማሳለፍ ስላልቻለ ነው። ያልሳቀች አንዲት ሴት ብቻ ናት። ከፊት የተቀመጠች፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ወረቀቷን በእጇ ይዛ አንዴ ሰሌዳውን አንዴ እኔን የምታይ። የወርቅ ቤቷ እትዬ ጥሩነሽ እሷ እንደሆነች ያኔ አወቅኩ። የውጭ አገር ደንበኛ በአስተርጓሚ ማስተናገድ ሰልችቷት ነው የምትማረው።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «ፍሉድ» ይለኝ ጀመር። ሊስትሮው፣ የሻይ ቤቷ ልጅ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው ጭምር። «ፍሉድ፣ እስቲ ይቺን ሕይወቴን አርምልኝ!» ይሉኛል። ጋሽ ሸምሱ ነገ ማንም አያስታውሳትም ያሏት ነገር ናት እንግዲህ።

ደብተሬን ስጠይቅ «እያየሁት ነው» ይለኛል። ደግሜ ስጠይቅ «ሥራ በዝቶብኛል» አለ። በአሥራ አራተኛው ቀን በፌስታል አድርጎ በጥበቃው ላከልኝ። ብዙ ገጾች ጠርዛቸው ታጥፏል። እኔ ገጽ አላጥፍም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ደግሞ ሥራ ማምጣቱን አቆመ። ይቅርታ ጠይቄም ሥራውን አራት ኪሎ ወሰደው። ጋሽ ሸምሱ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቢይዙት «ጊዜያዊ ነው» አላቸው።

ምክንያቱን ያወቅነው ከዚያ ረቡዕ አንድ ወር ቆይቶ፣ አንድ ሐሙስ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። እትዬ ጥሩነሽ አንድ በስቴፕለር የተያዘ ቀጭን መጽሐፍ ይዛ ገባች።

«አንተ ልጅ፣ እንደምን ዋልክ። እባክህ አንድ ገጽ ደብዝዛብኛለች፣ ከጎረቤቴ ተውሼ ነው፣ ይቺን ብቻ አንሳልኝ። ዛሬ ከዚች ነው የምንጠየቀው።»

ተቀብዬ ማሽኑ ላይ ልገለብጠው ስል ሽፋኑን አየሁ። ቀለማትና ትርጉማቸው ይላል። ከሥሩ በትልቁ፣ በቲቸር መስፍን የተዘጋጀ።

ገለጥኩት። ቀይ ሃያ ሦስት። ሰማያዊ አሥራ ዘጠኝ። ነጭ አሥራ አራት፤ «ዋይት ላይ» ልክ እኔ የጻፍኩትን ትርጉም ይዞ ተቀምጧል፣ ያን «ስህተት ነው» ያስባለኝን ትርጉም። ምሳሌዎቹም የእኔ ናቸው። ስለ ሬድ ቴፕ የጻፍኩት «ከአንደኛው መስኮት ወደ አምስተኛው፣ ከአምስተኛው ተመልሶ ወደ አንደኛው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሳይቀር።

እትዬ ጥሩነሽ የምትፈልጋት የመጨረሻዋን ገጽ ነው። ቡኒ። አንድ አባባል ብቻ፣ «ብራውን ስተዲ»። ትርጉሙን አነበብኩ፤ አንዴ አነበብኩና ደገምኩ። ከዚያ ለጋሽ ሸምሱ አቀበልኳቸው። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ይሄ ግን አማርኛ ነው።

መነጽራቸውን አድርገው፣ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው አነበቡት። «በሐሳብ ጭልጥ ማለት፣ ጥያቄ ምልክት። ይህን ገና አላረጋገጥኩም። ጋሽ ሸምሱ ቆሎ በጠቀለሉበት ጋዜጣ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያየሁት ነው...»

ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«እኔ ነኝ እንዴ እዚህ ያለሁት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«የኔ ቆሎ ቲቸር መስፍን መጽሐፍ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ምን እንደሚሠራ ነገርኳቸው። ትምህርት ቤቱ አንዲት ጸሐፊ አለችው፤ ጸሐፊ ማለት የተሰጣትን የምትጽፍ ናት። ደብተሬን ሰጥቷታል፣ እሷም ከነጥያቄ ምልክቱ፣ ከነቆሎው በታማኝነት ጽፋዋለች። እሱ ደግሞ ስሙን አስጻፈበት እንጂ አላነበበውም። መጽሐፌ ብሎ ያሳተመውን አላነበበውም!

እትዬ ጥሩነሽ ወረቀቱን ከጋሽ ሸምሱ እጅ ወስዳ አየችው፣ ከዚያም እኔን አየችኝ። «ያን ቀን ገብቶኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እውነተኛና የተቀባ ለይቼ ነው የምበላው። ዝም አልኩ እንጂ ገብቶኝ ነበር።»

ጋሽ ሸምሱ ከወንበራቸው ተነሥተው ማሽኑ ጋ መጡና እኔን በክንዳቸው ገፋ አደረጉኝ። ማሽን ከነኩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የእትዬ ጥሩነሽን ገጽ አስቀመጡ፣ ክዳኑን ዘጉ፣ አረንጓዴዋን ቁልፍ ፈልገው ተጫኑ።

«ሂድ» አሉኝ ሳያዩኝ። «ቤቱን እኔ እይዛለሁ።»

ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ያን ቀን ደረጃውን አልቆጠርኩም።

ቲቸር መስፍን ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ቀድማኝ ገብታ ቦታዋ ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ምን ፈለግክ?»

«ይቅርታዬን ልወስድ መጥቼ ነው።»

«ምን?»

«ከወር በፊት እዚህ ቆሜ ይቅርታ ጠይቄ ነበር። ይመልሱልኝ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ያው ልጅ «ፍሉድ መጣ!» አለ። ቲቸር መስፍንም ፈገግ አለ። «ይቅርታ ዕቃ ነው እንዴ የሚመለሰው? ወጣ በል፣ ክፍል ላይ ነኝ።»

አልወጣሁም። ድምፄ እንደማይበቃኝ ስለማውቅ ወደ ሰሌዳው ተጠጋሁ። «ሁላችሁም የመጨረሻውን ገጽ ግለጡ» አልኩ። እንዴት እንደታዘዙኝ እስካሁን አላውቅም፤ ገጽ ሲገለጥ ተሰማኝ። አንዲት ልጅ ማንበብ ጀመረች፣ «ይህን ገና አላረጋገጥኩም» ላይ ስትደርስ ድምጿ ወረደ። ቆሎው ጋ ስትደርስ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

ያ ከኋላ ያለው ልጅ እጁን አወጣ። ድምፁ የቀልድ አልነበረም። «ቲቸር፣ ያላረጋገጡት እርስዎ ነዎት?»

«የጸሐፊዋ ስህተት ነው» አለ ቲቸር መስፍን።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፈርቼ ነበር። ይህን ሲል ፍርሃቴ ጠፋ። የተሰጣትን ሁሉ በትክክል የጻፈች ሴት፣ በሌለችበት ጥፋቱን ተሸካሚ ሆነች። ትናንት እኔ፣ ዛሬ እሷ። ደብተሬን ከፍቼ እትዬ ጥሩነሽ ፊት አስቀመጥኩት። የእጅ ጽሑፌን፣ የጥያቄ ምልክቴን፣ ቆሎውን አየች። ለጎኗ አሳለፈችው። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ሳልጠይቅዎ ማረሜን ያን ቀንም ይቅርታ ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ» አልኩት። «ስህተት ጽፌያለሁ ያልኩትን ግን ይመልሱልኝ። እርስዎ ልክ መሆኑን ስላወቁ ነው የወሰዱት። አይደለም ይበሉኝ።»

አይደለም አላለም። ነውም አላለም። ጠመኔውን አስቀመጠ፣ ጣቱን በመሐረብ ጠረገ፣ ሰዓቱን አየ። «የዛሬው ክፍል እዚህ ያበቃል» አለና መሐረቡን አጣጥፎ ወጣ። ይኸው ነው። ሌላ የጠበቃችሁ ካላችሁ እኔም ጠብቄ ነበር።

ባዶ ሰሌዳ አጠገብ ቆምኩ። እትዬ ጥሩነሽ ተነሣች።

«ይቅርታህን የሰማሁት እኔ ነኝ አይደል?» አለች። «እሱ ካልመለሰልህ እኔ መልሼልሃለሁ። ያን ቀን ያልከውን አልሰማሁም። እንዳልተባለ ነው፣ እኔ ዘንድ።»

ያቺ ያነበበችው ልጅ ተነሣች። «እኔም አልሰማሁም።» ከዚያ ያ ከኋላ ያለው ልጅ ደብተሬን ይዞ መጣና አቀበለኝ፣ ጆሮው እስኪቀላ አፍሯል። «እኔም አልሰማሁም ወንድሜ። የሳቅኩትንም ጨምረህ ውሰድ።» አንድ አንድ እያሉ መጡ። አንዳንዶቹ ቦርሳቸውን አንሥተው በጎኔ አልፈው ሄዱ፤ መኪና እንዳያመልጣቸው ይሆናል፣ ወይም ቲቸሩን ስለሚፈልጉት ይሆናል። ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ሰዎች መለሱልኝ።

ስወርድ ጋሽ ሸምሱ ማሽኑ አጠገብ ቆመዋል። ቀድመውኝ የወረዱት ተማሪዎች ነገሩን ነግረዋቸዋል፤ ፊታቸው ተጨማድዷል።

«ስንት?» አሉኝ። ቤቱ ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ ያ ብቻ ነው።

«ከሠላሳ አንዱ አሥራ አንድ።»

«ሠላሳ ሁለት ነን» አሉ። «ያን ቀን ከኋላህ ወጥቼ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አንተ ፊትህን ወደ ሰዉ ስላዞርክ አላየኸኝም። ልኬህ ሳበቃ ልይህ ብዬ... እንደዚያ ደግመህ ስትለው ሰምቻለሁ።» ቆሎ ፍለጋ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ባዶውን አወጡት። «እኔንም ቁጠረኝ ልጄ።»

አሥራ ሁለት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ፍትሕ ሆነ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ቲቸር መስፍን ዛሬም ያስተምራል። መጽሐፏንም እንደገና አሳትሟታል፤ ስሙ አሁንም ሽፋኑ ላይ ነው። የቡኒውን ገጽ ብቻ አውጥቶታል። የሚገርማችሁ፣ ከአራት ወር በኋላ «ብራውን ስተዲ»ን ከአንድ የልብ ወለድ ኮፒ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ አገኘሁት። ልክ ነበር። ከደብተሬ ላይ የጥያቄ ምልክቱን አነሳሁ። ትክክለኛውን ያጠፋው ሰው እንግዲህ እሱ ሆነ።

እኔ አሁንም ጋሽ ሸምሱ ጋ ነኝ። የራሴን ደብተር በኮምፒውተር ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ያላረጋገጥኳቸውን ከነጥያቄ ምልክታቸው ትቻቸዋለሁ። ከሽፋኑ ሥር ስሜ አለ። ደንበኛ ስህተት ያለበት ወረቀት ሲያመጣ «ላርመው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ቀን የተማርኩት የራሴ ድርሻ ይህ ነው፣ አልሸሸውም።

አንድ ነገር ግን ከጆሮዬ ወጥቶ አያውቅም፤ «ለሰላም ሲባል»። በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሽምግልናው የምንላት ናት። ሁልጊዜ የምንላት ግን ለትንሹ ነው። ለሠራተኛዋ፣ ለታናሹ፣ ለተማሪው፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ለቀረው። ለትልቁ «ለሰላም ሲባል ጥፋትህን እመን» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ያላጠፋውን ሰው አጥፍቻለሁ ስታሰኙት ሰላም አላመጣችሁም፤ ጥፋቱን ከሠራው ላይ አንሥታችሁ ያልሠራው ላይ ጫናችሁት። ይህንንም ያደረጋችሁት ሁለት ቃል ናት ብላችሁ ነው። እኔ ቆጥሬያታለሁ፤ አምስት ናት። የተሸከምኳትም አንድ ወር ነው።

አሥራ ሁለቱን አመሰግናለሁ። እትዬ ጥሩነሽ ዛሬ ደንበኞቿን ያለ አስተርጓሚ ታነጋግራለች፤ ሳልፍ ከመስታወቱ ውስጥ እጇን ታነሣልኛለች።

ሃያዎቹ ግን አሁንም አላችሁ። በዚያ ረቡዕ፣ በዚያ ክፍል የነበራችሁና በጎኔ ያለፋችሁ፣ ወይም ያን ሐሙስ ያልመጣችሁ። ከመካከላችሁ ይህን የሚያነብ ካለ፣ አንድ ልጅ ሰሌዳ አጠገብ ቆሞ «ትክክለኛውን አጥፍቼ ስህተት ጽፌበታለሁ» ሲል የሰማችሁት ውሸት ነው። የእኔ ውሸት ነው፤ ሌላ ሰው ያስዋሸኝ። እናንተ ዘንድ ያለውን መልሱልኝ። ኮፒ ቤቱ አሁንም የነበረበት ቦታ ነው። ገብታችሁ «አልሰማሁም» በሉኝ፣ እኔ እቆጥራለሁ።